ጄምስ ቦንድ በአዲስ እጅ፦ የባለቤትነት ውል የአንድን ተከታታይ ፊልም ዕድሜ እንዴት ይወስናል?

የካቲት 13 ቀን 2017 ዓ.ም. አማዞን ኤምጂኤም ስቱዲዮስ እንዲሁም የቦንድ ፊልሞች ፕሮዲዩሰሮች ማይክል ዊልሰንና ባርባራ ብሮኮሊ የጋራ መግለጫ አወጡ። መግለጫው የጄምስ ቦንድን መብት በጋራ የሚይዝ አዲስ የሽርክና ተቋም መመሥረታቸውን፣ ከእንግዲህ ግን ስለ ፊልሞቹ ይዘት የሚወስነው አማዞን መሆኑን ይገልጻል። ወሬው ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ «አማዞን ቦንድን ገዛ» በሚል አጠረ። አባባሉ ግማሽ እውነት ነው። አማዞን ከዚያ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ ኤምጂኤምን ሲጠቀልል የቦንድን የባለቤትነት ድርሻ አብሮ ወስዷል። ያኔ ያላገኘው የመወሰን ሥልጣኑን ነበር፤ በየካቲት የተላለፈለትም ይኸው ሥልጣን ነው።

ድርሻና ሥልጣን በአንድ ሰው እጅ አለመሆናቸው የሕግ ባለሙያዎች ዝርዝር ይመስላል። ነገር ግን ይህ ተከታታይ ፊልም ከ60 ዓመት በላይ የዘለቀበት ምክንያት በአብዛኛው እዚያው ውስጥ ነው። ተዋናዮቹ ስድስት ጊዜ ተለዋውጠዋል፣ ዳይሬክተሮቹ ተፈራርቀዋል፣ ጠላቱ ከሶቪየት ሰላዮች ወደ ዕፅ ነጋዴዎች፣ ከዚያም ወደ ኮምፒውተር ሰርጎ ገቦች ተቀያይሯል። ሳይለወጥ የቆየው አንደኛው ወገን ያለ ሌላኛው ፈቃድ መራመድ የማይችልበት ውል ነበር። አሁን የተፈታው እሱ በመሆኑ የወደፊቱን ለመገመት አሠራሩን ከመነሻው መመርመር ያስፈልጋል። ጉዳዩ ለእኛም ሩቅ አይደለም፤ በየካ ኮረብቶች ግርጌ የተከማቸው የስለላና የዲፕሎማሲ ታሪክ አንድ ቀን ፊልም ይሆናል ብለን ካሰብን የመብቱን ነገር ከወዲሁ መረዳት አለብን። (በዚህ ጽሑፍ «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር ዓመታቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ሁለት ሰዎች፣ አንድ ውል

የቦንድ ፈጣሪ ኢያን ፍሌሚንግ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በእንግሊዝ ባሕር ኃይል የመረጃ ክፍል የአድሚራል ጆን ጎድፍሪ ረዳት ሆኖ ሠርቷል። የመጀመሪያው ልብ ወለዱ «ካዚኖ ሮያል» የታተመው በ1953 ነው። ጃማይካ በሚገኘው ቤቱ እየተቀመጠ በየዓመቱ አንድ መጽሐፍ ማውጣቱን ቀጠለ፤ የፊልም መብቱን ግን በአንድ ጊዜ ለአንድ ወገን አልሸጠም። የ«ካዚኖ ሮያል» መብት ገና በጠዋቱ ተነጥሎ ሄደ። ይህ ጥድፊያ በኋላ ብዙ ዋጋ አስከፍሏል።

በ1961 ሃሪ ሳልትዝማን የተባለ ፕሮዲዩሰር የቀሩትን መጻሕፍት መብት ለተወሰነ ጊዜ ያዘ፤ ገንዘብ ግን አልነበረውም። አልበርት ብሮኮሊ ደግሞ ከስቱዲዮዎች ጋር ግንኙነት ነበረው፤ መብቱ ግን አልነበረውም። ሁለቱ ተጣመሩና መብቱን የሚይዝ «ዳንጃክ»፣ ፊልሙን የሚሠራ «ኢዮን» የተባሉ ኩባንያዎች አቋቋሙ። ወጪውን ዩናይትድ አርቲስትስ ሸፈነ። «ዶክተር ኖ» በ1 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ተሠርቶ በጥቅምት 1962 ለእይታ በቃ። ትርፉ ከወጪው በብዙ እጥፍ በመብለጡ እስከ 1965 ድረስ በየዓመቱ አንድ ፊልም ወጣ።

ወሳኙ ለውጥ የመጣው በ1975 ነው። ሳልትዝማን ዕዳ ውስጥ ገብቶ ስለነበር ድርሻውን ለዩናይትድ አርቲስትስ ሸጠ። ከዚያ ወዲህ ቦንድ የሁለት ወገኖች ሀብት ሆነ፤ በአንድ በኩል የብሮኮሊ ቤተሰብ፣ በሌላ በኩል ስቱዲዮው። በ1981 ኤምጂኤም ዩናይትድ አርቲስትስን ሲገዛ የስቱዲዮው ድርሻ አብሮ ተሻገረ። ተዋናይ የመምረጥና ድርሰት የማጽደቅ ሥልጣን በቤተሰቡ እጅ ቀረ፤ ገንዘቡና ሥርጭቱ ደግሞ በስቱዲዮው። አልበርት ብሮኮሊ በ1996 ሲሞት ልጁ ባርባራና የእንጀራ ልጁ ማይክል ዊልሰን ሥራውን እየመሩ ስለነበር ሥልጣኑ ከቤተሰቡ አልወጣም።

ይህ አሠራር የሁለት አቅጣጫ ልጓም ነበር። በ2002 በወጣው ፊልም ሃሊ ቤሪ «ጂንክስ» የተባለች ሰላይ ሆና ተጫውታ ስለተወደደች ፕሮዲዩሰሮቹ ለገጸ ባሕርይዋ የራሷን ፊልም ሊሠሩላት ተነሡ። ኤምጂኤም በ2003 እምቢ አለ፤ ፊልሙም ቀረ። ያን ጊዜ የከለከለው ስቱዲዮው ነበር። በኋላ ደግሞ አማዞን ሲመጣ የሚከለክለው ቤተሰቡ ሆነ። ስለዚህ «ቤተሰቡ ጥንቁቅ፣ ኩባንያው ስግብግብ» የሚለው የተለመደ አተራረክ ነገሩን ያቃልለዋል። ለፊልሙ የበጀው የየትኛውም ወገን ጨዋነት ሳይሆን የሁለቱ ስምምነት ግዴታ መሆኑ ነው።

አንድ ልብ ወለድ፣ ብዙ ባለመብት

የመብት ጉዳይ ሲበላሽ ምን እንደሚከተል ከ«ተንደርቦል» በላይ የሚያሳይ ምሳሌ የለም። በ1950ዎቹ መጨረሻ ፍሌሚንግ ከኬቨን ማክሎሪና ከጃክ ዊቲንግሃም ጋር ሆኖ አንድ የፊልም ድርሰት አዘጋጀ። ፊልሙ ሳይሠራ ቀረ። ፍሌሚንግ ታሪኩን ወስዶ በ1961 በራሱ ስም ብቻ ልብ ወለድ አድርጎ አሳተመው። ማክሎሪና ዊቲንግሃም ከሰሱ። በኅዳር 1963 ለንደን ላይ ክርክሩ ተጀምሮ ብዙም ሳይቆይ በስምምነት አለቀ። ከዚያ በኋላ በሚወጡት እትሞች የሦስቱ ስም በታሪኩ ምንጭነት እንዲጠቀስ ተወሰነ፤ የፊልም መብቱም ለማክሎሪ ተሰጠ። በልብ ሕመም ይሠቃይ የነበረው ፍሌሚንግ በቀጣዩ ዓመት ነሐሴ ላይ ዐረፈ።

ከዚህ በኋላ የሆነው ሁሉ የዚያ ስምምነት ውጤት ነው። የ1965ቱ «ተንደርቦል» ማክሎሪን ፕሮዲዩሰር አድርጎ ተሠራ፤ እሱም ለአሥር ዓመት ሌላ ፊልም ላለመሥራት ተስማማ። ጊዜው ሲያልፍ መብቱን አንሥቶ በ1983 ሾን ኮነሪን መልሶ ያመጣ ተቀናቃኝ የቦንድ ፊልም አወጣ። በዚያው ዓመት ኢዮን በሮጀር ሙር የተሠራ የራሱን ፊልም ስላሳየ ተመልካቹ በአንድ ዓመት ሁለት ቦንዶች ቀረቡለት። «ስፔክተር» የሚባለው የወንጀል ድርጅትና መሪው ብሎፌልድ በክርክሩ ምክንያት ከዋናው ተከታታይ ለአሥርተ ዓመታት ጠፉ። የተመለሱት በ2013 ኤምጂኤምና ዳንጃክ የማክሎሪን ወራሾች መብት ከገዙ በኋላ ነው፤ «ስፔክተር» የተሰኘው ፊልም በ2015 ወጣ። ተመልካቹ እንደ ድርሰት ምርጫ ያየው የጠላት መለዋወጥ ከጀርባው የፍርድ ቤት ስምምነት ነበረበት። ተነጥሎ የሄደው «ካዚኖ ሮያል»ም በ1967 በሌሎች እጅ የቀልድ ፊልም ሆኖ ኢዮን እጅ የገባው በ1990ዎቹ መጨረሻ ነው። ዳንኤል ክሬግን በ2006 ያስተዋወቀው ፊልም ለመሠራት ከ50 ዓመት በላይ የፈጀው ለዚህ ነው።

የልጓሙ ዋጋና ትርፍ

ሁለት ወገኖች መስማማት ግድ ሲሆንባቸው ሥራ ይዘገያል። ከ1989 እስከ 1995 ለስድስት ዓመት ቦንድ ያልታየው በኤምጂኤም መሸጥና መለወጥ ሳቢያ በተነሣ የሕግ ክርክር ነው። በ2010 ኤምጂኤም ከዕዳው ለመዳን የኪሳራ ጥበቃ ሲጠይቅ ቀጣዩ ፊልም ቆመ። ከ2015 እስከ 2021ም ሌላ ስድስት ዓመት አለፈ፤ የመጨረሻው ላይ ኮሮና ተጨመረበት።

ትርፉ በቁጥር ለማሳየት ያስቸግራል፤ ቢሆንም ትልቅ ነው። ፊልሞቹ በብዛት ስላልወጡ እያንዳንዳቸው ሲመጡ ትልቅ ዜና ይሆኑ ነበር። ከኪሳራው መዘግየት በኋላ የወጣው «ስካይፎል» በ2012 ከ1.1 ቢሊዮን ዶላር በላይ አስገባ። ሲኒማ ቤቶች ገና ከወረርሽኙ ባላገገሙበት ወቅት የወጣው «ኖ ታይም ቱ ዳይ» እንኳ ከ770 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሰብስቧል። የጊዜው ርቀት ፕሮዲዩሰሮቹ ዓለም ወዴት እንደሄደ አይተው ገጸ ባሕርዩን እንደገና እንዲያስቡት ፋታ ሰጥቷል። «ጎልደን አይ» ከሶቪየት ኅብረት መፍረስ በኋላ፣ «ካዚኖ ሮያል» ደግሞ ከመስከረም 11ዱ ጥቃትና «ቦርን» የተባለው ተቀናቃኝ ተከታታይ ከመጣ በኋላ የቦንድን ምንነት ዳግም የመሠረቱት በዚህ ፋታ ነው።

አማዞን ምን ፈለገ?

አማዞን ኤምጂኤምን የገዛው በ8.45 ቢሊዮን ዶላር ሲሆን ግዢው በመጋቢት 2022 ተጠናቀቀ። ከስቱዲዮው ሀብት ሁሉ በስም የሚታወቀው ቦንድ ነው። ይሁን እንጂ ለአማዞን የአንድ ፊልም ጥቅም ከሲኒማ ትኬት ይሻገራል። ኩባንያው ደንበኛ በየወሩ የሚከፍልበት የቪዲዮ አገልግሎት አለው፤ ያ ደንበኛ እንዳይሄድ በየጊዜው አዲስ ነገር ማግኘት አለበት። በአምስት ወይም በስድስት ዓመት አንዴ የሚመጣ ፊልም ለትኬት ሽያጭ ይስማማል፤ ለወርሃዊ ክፍያ ግን ትርጉም የለውም። የሁለቱ ወገኖች ግጭት መነሻ ይህ ነው። አንዱ ብርቅነትን ይሸጣል፣ ሌላው አለመቋረጥን። በ2023 በአማዞን የቀረበው በቦንድ ስም የሚካሄድ የውድድር ዝግጅት ኩባንያው ሊሄድበት የሚፈልገውን አቅጣጫ በትንሹ ያሳየ ነበር።

ሌላው ግፊት የጊዜ ገደብ ነው። የእንግሊዝ ሕግ ለድርሰት ጥበቃ የሚሰጠው ደራሲው ከሞተ በኋላ ለ70 ዓመት ነው። ፍሌሚንግ የሞተው በ1964 ስለሆነ መጻሕፍቱ በእንግሊዝ ከ2035 ጀምሮ የማንም ይሆናሉ። በአሜሪካ ስሌቱ ከኅትመት ዓመት ስለሚነሣ «ካዚኖ ሮያል» እስከ 2048 መጨረሻ ይጠበቃል። በፊልሞቹ ውስጥ የተፈጠሩት ታሪኮች፣ ሙዚቃውና የንግድ ምልክቶቹ ከዚያም በኋላ ጥበቃ አላቸው። ቢሆንም በእንግሊዝ ማንም ጸሐፊ በመጻሕፍቱ ላይ የተመሠረተ የራሱን ቦንድ ማቅረብ የሚችልበት ቀን ሩቅ አይደለም። በቢሊዮን የሚቆጠር ገንዘብ ላወጣ ኩባንያ ይህ ከአሁኑ ሥራ ለመጀመር በቂ ምክንያት ነው።

ሦስት መንገዶች

የመጀመሪያው መንገድ ጥንቃቄ ነው፤ በሁለት ወይም በሦስት ዓመት አንድ ትልቅ ፊልም ሠርቶ መጀመሪያ በሲኒማ ማሳየት። እስካሁን የታዩት እርምጃዎች ወደዚህ ያዘነብላሉ። ፕሮዲዩሰር ሆነው የተሾሙት ኤሚ ፓስካልና ዴቪድ ሄይማን ናቸው። ፓስካል ዳንኤል ክሬግ ቦንድ ሆኖ ሲጀምር ፊልሞቹን ያሰራጭ የነበረውን የሶኒ ስቱዲዮ ትመራ ነበር፤ ሄይማን የ«ሃሪ ፖተር» ፊልሞች ፕሮዲዩሰር ነው። በሰኔ 2025 የ«ዱን» ዳይሬክተር ዴኒ ቪልነቭ ተመረጠ፤ ቀጥሎም የ«ፒኪ ብላይንደርስ» ፈጣሪ ስቲቨን ናይት ለጸሐፊነት ተሰየመ። ሁሉም ስማቸውን የሚያስጠብቅ ሥራ ያላቸው፣ በርካሽ የማይያዙ ሰዎች ናቸው።

ሁለተኛው መንገድ መስፋፋት ነው፤ ለየገጸ ባሕርዩ የተለየ ፊልም፣ ለቪዲዮ አገልግሎቱ ተከታታይ ድራማ፣ ወጣቱ ቦንድ፣ የቦንድ አለቆች፣ የቦንድ ጠላቶች። ይህን የሞከረ አለ። ዲዝኒ በ2012 ሉካስፊልምን በ4 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ገዝቶ «ስታር ዋርስ»ን በየዓመቱ ማውጣት ጀመረ። የመጀመሪያው ፊልም እጅግ አተረፈ፤ በ2018 የወጣው «ሶሎ» ግን ከሰረ፤ የኩባንያው ኃላፊም ፍጥነቱ መብዛቱን በይፋ አመኑ። ከዚያ በኋላ የ«ስታር ዋርስ» ሥራ በአብዛኛው ወደ ቴሌቪዥን ተሻገረ። ለቦንድ ይህ መንገድ ይበልጥ አደገኛ ነው። «ስታር ዋርስ» የብዙ ፕላኔቶችና የብዙ ሕዝቦች ዓለም ስለሆነ ሊበተን ይችላል። ቦንድ ግን የአንድ ሰው ታሪክ ነው፤ ሰውየው ከሌለ በዙሪያው ያሉት ለብቻቸው ለመቆም ይቸገራሉ።

ሦስተኛው መንገድ መንጠባጠብ ነው። የመጀመሪያው ፊልም ከተጠበቀው በታች ቢያስገባ ዋናው ንግዱ ፊልም ያልሆነ ኩባንያ ፊቱን ሊያዞር ይችላል። የብሮኮሊ ቤተሰብ አንድ ፊልም ቢወድቅበት ሌላ የሚሄድበት አልነበረም፤ አማዞን ግን አለው። ስለ አዲሱ ውል ብዙም ያልተነሣው አደጋ ይህ ይመስለኛል።

በየካ ኮረብታ ግርጌ ያለው ታሪክ

ቦንድ የተቀዳበት ዓለም ለአዲስ አበባ እንግዳ አይደለም። ከእንጦጦ ሰንሰለት ግርጌ፣ ከየካ ሚካኤል ብዙ ሳይርቅ፣ የእንግሊዝ ኤምባሲ ግቢ አጼ ምኒልክ በሰጡት መሬት ላይ ተንጣልሎ ይገኛል። የሩሲያ ኤምባሲም ከዚያው አቅራቢያ ነው። በቀዝቃዛው ጦርነት ዘመን በፊልም የሚታየው የሁለት ኃያላን ትንቅንቅ በዚህ ሰፈር የጎረቤቶች ጉዳይ ነበር።

በዚያ የእንግሊዝ ግቢ፣ ሌጋሲዮኑ ገና የሣር ክዳን ባላቸው የጭቃ ቤቶች በነበረበት ጊዜ፣ በሰኔ 1910 ዊልፍሬድ ቴሲገር ተወለደ። አባቱ የእንግሊዝ ሚኒስትር ነበሩ። በመስከረም 1909 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ሲወርዱና አገሩ ሲታመስ የራስ ተፈሪ ሕፃን ልጅ አስፋ ወሰን በዚሁ ግቢ ተጠልለው እንደነበር ቴሲገር በግለ ታሪኩ ጽፏል። ቴሲገርና ፍሌሚንግ በሁለት ዓመት የሚበላለጡ፣ ሁለቱም በኢተን ትምህርት ቤት ያለፉ ናቸው። ጦርነቱ ሲመጣ ፍሌሚንግ ለንደን ቢሮ ውስጥ ዕቅድ ሲነድፍ፣ ቴሲገር በጎጃም ከኮሎኔል ዊንጌት የጌድዮን ጦርና ከኢትዮጵያ አርበኞች ጋር ተሰለፈ። ከዚያ ቀደም ብሎ፣ በነሐሴ 1940፣ ኮሎኔል ሳንድፎርድ «ሚሲዮን 101» የተባለውን ጥቂት ሰዎች ያሉበትን ቡድን ይዞ ከሱዳን ወደ ጎጃም ገብቶ ከአርበኞቹ ጋር ተገናኝቷል። በበቅሎ፣ በሬዲዮና በደብዳቤ የተካሄደ እውነተኛ የስለላ ሥራ ነው፤ እስካሁን ግን በአማርኛ ትልቅ ፊልም አልሆነም።

ድርሰቱም አልታጣም። ማሞ ውድነህ እንደ «ዘጠና ደቂቃ በኢንቴቤ» ያሉ የስለላ ታሪኮችን ወደ አማርኛ መልሰው አንድ ትውልድ አንባቢ አፍርተዋል። የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. ታትሞ ብዙም ሳይቆይ ከገበያ ተሰበሰበ፤ በዓሉም ከሥራው ተባረረ፤ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ አልተመለሰም። መጽሐፉ ጦርነትን፣ ፍቅርንና ስለላን ያጠላለፈ ነው። በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ የወጣው በ2025፣ አማዞን ቦንድን በተረከበበት በዚያው ወር ነው።

የራስን ታሪክ ሌላ ሲሠራው ምን እንደሚሆን በ2019 በኔትፍሊክስ የወጣው «ዘ ሬድ ሲ ዳይቪንግ ሪዞርት» አሳይቷል። ፊልሙ ሞሳድ ቤተ እስራኤላውያንን በሱዳን በኩል ያወጣበትን ሥራ ይተርካል። ለዚያ ሥራ መሠረት ከጣሉት አንዱ ኢትዮጵያዊው ፈረደ አክሉም ነበር። በፊልሙ እሱን መነሻ ያደረገው ገጸ ባሕርይ «ከበደ» ተብሎ በአሜሪካዊ ተዋናይ ቀርቧል፤ ቀረጻው የተካሄደው በናሚቢያና በደቡብ አፍሪካ ነው፤ የታሪኩ ማዕከልም ከውጭ የመጡት ሰላዮች ሆነዋል። ገንዘቡን ያወጣና መብቱን የያዘ ወገን ካሜራውን ወደ ፈለገው ማዞሩ የሚጠበቅ ነው።

የእኛ ሕግ ለዚህ መነሻ የሚሆን ነገር አለው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ዓ.ም. የደራሲን የኢኮኖሚ መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞቱ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠብቃል። በበዓሉ ግርማ ጉዳይ ቆጠራው ከተሰወረበት ከ1976 ዓ.ም. ከተነሣ ጥበቃው የሚያበቃው በ2026 ዓ.ም. ገደማ ነው። ይህ የፍሌሚንግ መጻሕፍት በእንግሊዝ ነፃ ከሚወጡበት ጊዜ ጋር ይቀራረባል። ልዩነቱ አንደኛው የጥበቃ ዘመኑን 25 ፊልም እየተሠራበት ማሳለፉ ነው።

የቦንድ ታሪክ ለኢትዮጵያ የፊልም ሠሪ የሚሰጠው ትምህርት ስለዚህ ከጠመንጃና ከመኪና ይልቅ ከውሉ የሚገኝ ነው። አብሮ የጻፈ ሁሉ ድርሻው ከቀረጻ በፊት ካልተጻፈ የ«ተንደርቦል» ዓይነት ክርክር በየትኛውም አገር ይመጣል። መብቱ በአንድ ፊልም ከተሸጠ ክፍል ሁለት የማን እንደሆነ አይታወቅም። አንድ ሥራ ሲያተርፍ ገንዘቡ ወደሚቀጥለው የሚሻገርበት ተቋም ከሌለ እያንዳንዱ ፊልም ከዜሮ ይጀምራል። ብዙ የአማርኛ ፊልሞች ከተወደዱ በኋላ ያለ ተከታይ የቀሩት በድርሰት እጥረት ብቻ አይደለም፤ ታሪኩን የሚይዝ ባለቤት ባለመኖሩም ጭምር ነው።

ግምገማ

ከሦስቱ መንገዶች ለቅርቡ ጊዜ ይበልጥ የሚመስለው የመጀመሪያው ነው። የተመረጡት ሰዎች ልምድና አማዞን በመጀመሪያው ፊልም ለመሳሳት ያለው ፍርሃት ወደ ጥንቃቄ ይገፋሉ። ፈተናው የሚመጣው ፊልሙ ከተሳካ በኋላ ነው። ስኬት የመስፋፋትን ጥያቄ ያመጣል፤ ያኔ «አይሆንም» የሚል ሁለተኛ ወገን ጠረጴዛው ላይ አይኖርም። ቤተሰቡ በባለቤትነት ቢቆይም ድርሻ ያለው ሰው የገቢ ተካፋይ ነው፤ ድርሰት መመለስ አይችልም።

ስለዚህ የቦንድ የመጪ አሥር ዓመት ዕጣ የሚወሰነው ቀጣዩ ተዋናይ ማን ነው በሚለው ጥያቄ አይደለም። አማዞን በፈቃዱ በራሱ ላይ ገደብ ያበጃል ወይስ አያበጅም የሚለው ይበልጣል። የፊልሞቹን ብዛት የሚወስንና ለፕሮዲዩሰሮቹ የመከልከል ሥልጣን የሚሰጥ አሠራር በውስጡ ካበጀ ተከታታዩ ሌላ ትውልድ ይሻገራል። ካላበጀ በአምስት ዓመት ውስጥ ብዙ ቦንድ እናያለን፤ የምንጠብቀው ቦንድ ግን አይኖርም። እስካሁን ገደቡን የጫነበት ውሉ ነበር፤ ከእንግዲህ ገደብ የሚኖረው ባለቤቱ ራሱ ከፈለገው ብቻ ነው። የኩባንያዎች ታሪክ እንደሚያሳየው ደግሞ ትርፍ እየገባ ራስን መግታት ከኪሳራ ከመውጣት ይከብዳል።